ባሌን በአራዳ አደባባይ የከሰስኩበት ቀን

ይህ የደረሰብኝ ጣሊያን ከመግባቱ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ ክረምት ሊገባ ሰማዩ በከበደበት ሰሞን ነው። የልጅ ልጆቼ ሲሰሙት ይስቃሉ። እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ስቄበት አላውቅም።

ቤታችን ከጊዮርጊስ ዝቅ ብሎ ቁልቁለቱ ላይ ነበር። አባቴ ያቆመው ቆርቆሮ ክዳን የጭቃ ቤት ነው፤ ሲሞት ለእኔ ተወልኝ። ተሰማን በሰማንያ ሳገባ "ቤቱ የእሷ የግሏ ነው" ተብሎ በሽማግሌዎች ፊት ተነግሯል። ተሰማም "እሺ" ብሏል። ከተጋባን በኋላ ግን ሰው ሁሉ "የተሰማ ቤት" ይለው ጀመር። እሱም ከጓደኞቹ ጋር ሲጫወት "ቤቴ" ይል ነበር። እኔም ነገር አላደረግሁትም።

ተሰማ አገሩ ከሚገባ ፈረንጅ ላይ አንዲት አሮጌ አውቶሞቢል ገዛ። መኪናን ያን ጊዜ እንዲያ ነበር የምንላት። ከአራዳ እስከ ባቡር ጣቢያ መንገደኛ ያመላልስባት ነበር። አራዳ ሱቅ የነበረው ሙሴ ያኒ የሚባል ግሪክ ደግሞ ባሕር ማዶ ላለ ኩባንያ ወኪል ሆኖ፣ ዛሬ መድን የሚባለውን ነገር ያዋውል ነበር። አውቶሞቢሏ ሰው ወይም የሰው ንብረት ብትጎዳ ኩባንያው ይክሳል አለው። ተሰማም ተዋዋለ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካፊያ ጥሎ መሬቱ በጭቃ ላቁጧል። እኔ ደጅ ሆኜ ምስር እለቅማለሁ። ተሰማ አውቶሞቢሏን ወደ ግቢ ሲያስገባ ፍሬኗ አልያዘም። በጭቃው ላይ እየተንሸራተተች ቁልቁል መጣች። "ዞር በይ!" ሲለኝ ሰማሁ። በአጠገቤ አልፋ የቤቱን ግድግዳ በረቀሰችው።

ከዚያ ግድግዳ ጀርባ፣ መደቡ ላይ፣ ልጄ አስካለ ተኝታ ነበር።

እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ጭቃውን በጥፍሬ ቧጠጥኩት። ተሰማ ቁልቁል የወረደውን እንጨት በትከሻው ደግፎ ስሟን ይጠራል። ድምፅ የለም። በኋላ ስታስል ሰማሁ። ማገሩ ሳይሰበር ዘምሞ እንደ ጎጆ ከልሏታል። አፏ አፈር ሞልቶ፣ ዓይኗን እያሸች አወጣናት። አንድ ጭረት አልነካትም።

ልጄ ተረፈች፤ ቤቱ ግን ወገቡ ተሰብሯል። ጣሪያው በአንድ ምሰሶ ተንጠልጥሎ ቀረ። ዝናቡ ከጠነከረ የቀረውም እንደሚወርድ ማንም የሚያየው ነው። እኛም ገላጣ ላይ መቅረታችን ነው።

በማግስቱ ሁለታችንም ሙሴ ያኒ ሱቅ ሄድን። ተሰማ ሲነግረው ራሱን ነቀነቀ።

"የሌላ ሰው ቤት ቢሆን እንከፍላለን። አንተ የራስህን ቤት ነው ያፈረስከው። ለራስ ቤት ክፍያ የለም።"

"የእሱ ቤት አይደለም፤ የእኔ ነው" አልኩ።

ሳቀ። "አንቺ ሚስቱ አይደለሽም? ባልና ሚስት አንድ ነው።"

"በማዕድ አንድ ነን፤ በአባቴ ቤት አንድ አይደለንም።"

"እንግዲያ ለምን አትከሺውም?" አለኝ እንደ መቀለድ ብሎ። "ዳኛ ይፍረድበት፤ እከፍላለሁ።" በሱቁ የነበሩት ሰዎች ሁሉ ሰሙት፤ ሳቁ።

ተሰማ ክንዴን ይዞ "ነይ እንሂድ፣ አታዋርጂን" አለኝ።

እኔ ግን ደሜ ፈላ። ሲሆን ያየሁትን፣ እውነት የሆነውን ነገር፣ እንደ ቀልድ ቆጥረው ሊሸኙኝ? በዚያ ዘመን ተካሳሾች ኩታቸውን አቆራኝተው ይቆማሉ፤ መንገድ የሚያልፍ የተከበረ ሰው "በሕግ አምላክ" ከተባለ ቆሞ ሳይፈርድ አይሄድም። ከሱቁ እንደወጣን የተሰማን ኩታ ጫፍ ይዤ ከነጠላዬ ጋር ቋጠርኩት።

"ምን ሆነሻል?" አለኝ። ፊቱ አመድ መሰለ።

በበቅሎ ያልፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ግራዝማች አየሁ። "በሕግ አምላክ!" ብዬ ጮህኩ። በቅሎዋ ቆመች።

ወዲያው ሰው ከበበን። "ሴትዮ፣ ባልሽን ገበያ አወጣሽው?" አለ አንዱ። "ቋጠሮውን አጥብቂው፣ እንዳያመልጥሽ!" አለ ሌላው። ከከበቡን መካከል የተሰማን ጓደኞች አየኋቸው። እሱም አያቸው።

ግራዝማች ከበቅሎ ወርደው "አንቺ፣ ነገርሽ ምንድን ነው?" አሉኝ።

"ጌታዬ፣ ይህ ሰው የአባቴን ቤት አፍርሶብኛል። ይሥራልኝ።"

"ምንሽ ነው?"

"ባሌ ነው።"

ሕዝቡ በሳቅ አውካካ። ግራዝማች አልሳቁም። "ቤቱ የግልሽ ለመሆኑ ምስክር አለሽ?"

የሰማንያችን ሽማግሌዎች ነበሩ። ግን አንደኛው ሞተዋል፤ ሌላው አገራቸው ገብተዋል። ያለኝ ምስክር አንድ ነው።

"ምስክሬ እሱ ራሱ ነው" አልኩ።

ሳቁ ጸጥ አለ። ግራዝማች ወደ ተሰማ ዞሩ። "ንጉሥ ይሙት ብለህ ማልና ተናገር። ቤቱ የማን ነው?"

ተሰማ መሬት መሬት አየ። "የኔ ነው" ቢል በጓደኞቹ ፊት ይከበራል፤ እኔ ግን ውሸታም እሆናለሁ፤ ቤቴም እንደፈረሰ ይቀራል። "የእሷ ነው" ቢል፣ ስንት ዘመን "ቤቴ" ያለበት አፉ በአራዳ መሳቂያ ይሆናል። ሙሴ ያኒ በሩ ላይ ቆሞ እጁን አጣምሮ ይመለከታል። ነፋስ ተነስቶ የሱቆቹን ቆርቆሮ ያንኳኳል።  ተሰማ ግን ለረጅም ጊዜ ዝም አለ።

"ምነው፣ ምላስህን ቆረጡህ?" አሉት ግራዝማች።

"ንጉሥ ይሙት፣ የእሷ ነው" አለ በመጨረሻ። "እኔ ገባሁበት እንጂ አላቆምኩትም።"

ከጓደኞቹ አንዱ አፏጨበት። ቀና ብሎ አላየውም።

ግራዝማች "ባልነትህ ግድግዳ ለማፍረስ አያበቃህም። ያፈረስከውን ሥራላት" ብለው ፈረዱ። ቋጠሮውን ፈታሁ።

ሙሴ ያኒ "ይህ የመንገድ ፍርድ ነው" ሊል ቢጀምር ሕዝቡ ጮኸበት። "ዳኛ ይፍረድበት ብለሃል! ሰምተናል!" ግራዝማችም በቅሎዋ ላይ ተመልሰው ወጥተው አፍጥጠው አዩት። ያኒም በማግስቱ ግንበኞች ላከልን። ግድግዳው በድንጋይ ተሠራ። ሠራተኞቹ የመጨረሻውን ድንጋይ አስቀምጠው ሳይወጡ ዶፉ ወረደ።

ተሰማ ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በአራዳ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። እኔን ግን አንድም ክፉ ቃል አልተናገረኝም። አብረን አረጀን፤ ቀበርኩትም።

"ባልሽን በሰው ፊት ማቆምሽ አይቆጭሽም?" ይሉኛል የልጅ ልጆቼ። አይቆጨኝም። ዛሬም ቢሆን እቋጥረዋለሁ። አንድ ነገር ግን አለ። ያን ያህል ዝም ብሎ ሲቆም በሆዱ ምን ያስብ እንደነበር እስኪሞት ድረስ አልጠየቅኩትም። በባለሥልጣንም በፈረንጅም ፊት ፈርቼ ያልተናገርኩት የለም። ልጠይቀው የፈራሁት ነገር ቢኖር ያ ብቻ ነው።