ለመስቀል የተባለው አጋዘን

እዚህ ኮሎራዶ፣ ከዴንቨር እስከ ኦሮራ ባለው ሐበሻ መካከል ስለ አደን መሣሪያ እኔን የሚያህል አዋቂ የለም። ይህን ስልህ ዓይኔን አላሽም። ማስረጃዬም እነሆ በእጄ ነው፤ ዛሬ ጠዋት የክረምት ጓንት ስፈልግ ከልብስ ማስቀመጫው ጥግ ያወጣሁት የጠመንጃ ስኮፕ፣ ሩቁን አቅርቦ የሚያሳይ ማነጣጠሪያ መነጽር። የጎማ ክዳኑን ስከፍት ያ አዲስ ጫማ፣ አዲስ ጫማ የሚለው ሽታው እንዳለ ወጣ። በዚህ ስኮፕ ጨረቃን አይቼበታለሁ፤ ጎረቤቴ ፓርክ ሲያደርግ የገጨውን አጥርም አይቼበታለሁ። አጋዘን ግን በሃያ ምናምን ዓመት ውስጥ አንድም ቀን አላየሁበትም። ለምን ብትል፣ ስኮፑ ለገዛሁለት አደን በሕግ የተከለከለ ነበር። አዎ፣ አዋቂው እኔ ነኝ።

ያን ጊዜ የሃያ አራት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ። የምኖረው ኦሪጅናል ኦሮራ በሚባለው ሰፈር፣ ከኮልፋክስ ጎዳና አንድ ብሎክ ገባ ብሎ፣ ከአጎቴ ጋር ነበር። ኮሜርስ ሲቲ አንድ መጋዘን ውስጥ አብረን ካርቶን እንጭናለን። የአጎቴ ጡረታ ደርሷል፤ የእኔ ግን ከምላሴ በቀር ምንም አልደረሰም። እንግሊዝኛውን ስለምሞካክር አስተርጓሚያቸው ነበርኩ። አስተርጓሚ ስልህ፣ እሳቸው አንድ ሲሉ እኔ ሦስት አደርገው ነበር።

የፈረቃችን አለቃ አዳኝ ነበር። የገደለውን አጋዘን ፎቶ ከምሳ ጠረጴዛው በላይ ለጥፎ፣ ሳንድዊቹን እያየው ይበላል። አንድ ቀን አጎቴ ፎቶውን ቀና ብለው አዩና፣ በልጅነታቸው ከአባታቸው ጋር ቆላ ወርደው ጎሽ ያድኑ እንደነበር ነገሩት።

«በምን? በድንጋይ?» አለ አለቃው።

ጠረጴዛው በሙሉ ሳቀ። አጎቴ ሹካቸውን አስቀመጡ። «ለመስቀል የአጋዘን ጥብስ አበላሃለሁ በለው» አሉኝ።

እኔ ታዲያ እንዲህ አልኩት፦ «ለበዓላችን ሁለት አጋዘን፣ አንዱን በቀኝ ትከሻዬ አንዱን በግራ ተሸክሜ እመጣለሁ ይሉሃል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ የዕቃ ማንሻውን ፎርክሊፍት የሚነዳው ሳይቀር በአጠገባቸው ባለፈ ቁጥር ሁለት ትከሻውን መታ መታ ያደርጋል። «ምን ሆነው ነው ትከሻቸውን የሚነካኩት?» ሲሉኝ፣ «ሰላምታ ነው ጋሼ» አልኳቸው። እሳቸውም አጸፋውን መለሱ፤ ትከሻቸውን መታ መታ። ቃል ሰጥተው አጥፈው የማያውቁ ሰው፣ በእኔ ምላስ ምክንያት ያልበሉት ዕዳ ውስጥ ገቡ።

መጀመሪያ ወደ ነፍስ አባታቸው ሄዱ። ቄሱ ብዙ አልተጨነቁም። «ሰኮናው ስንጥቅ ነው? ያመሰኳል? እንግዲያው ይበላል። ብቻ ነፍሱ ሳትወጣ ደርሳችሁ፣ በስመ አብ ብላችሁ እረዱት።»

ጠመንጃውን የመረጠልን ይኸው ቃል ነው። በጠመንጃ ሱቁ ውስጥ የዘይትና የአዲስ ቆዳ ሽታ ነበር፤ በረጃጅም አምፖሎቹ ብርሃን ጠመንጃዎቹ እንደ ሙሽራ ሚዜ ተደርድረው ያብረቀርቃሉ። ጺማሙ ሻጭ ከአራት መቶ እርምጃ የሚገድል አንዱን አወረደልን። እኔ አፌ ተከፈተ። አጎቴ ግን እጃቸውን አወናጨፉ።

«አራት መቶ እርምጃ ሮጠን እስክንደርስ ነፍሱ አትጠብቀንም። በክት ልታበላኝ ነው? ከቅርብ የሚተኮሰውን አምጣ በለው።»

ከቅርብ የሚተኮሰው ማለት ባሩዱንና አረሩን ከአፈ ሙዙ የሚጎርሰው፣ አገር ቤት «ቁመህ ጠብቀኝ» የሚሉት ዓይነት ነው፤ እስክታጎርሰው ጠላትህ ቆሞ ካልጠበቀህ ከዱላ አይሻልም። ኮሎራዶ ደግሞ ለእንደዚህ ዓይነቱ ጠመንጃ ለብቻው የአደን ጊዜ አለው፤ መስከረም ውስጥ፣ ልክ መስቀል ሲቃረብ። ሻጩ መጀመሪያ ሰደፉ ፕላስቲክ የሆነ፣ ዝገት የማይነካው አዲስ ሥሪት አሳየን። አጎቴ አገላብጠው አይተው «ይሄ የቧንቧ ዕቃ ነው» አሉና መለሱለት። ከመደርደሪያው ዳር አንድ የእንጨት ሰደፍ ያለው፣ መዶሻው ከጎኑ የወጣ ነበር። እሱን አንስተው ጉንጫቸውን ሲያስደግፉበት ሠላሳ ዓመት ከፊታቸው ላይ ረገፈ።

ችግሩ ዓይናቸው ነው። አሥራ አምስት ቁጥር አውቶቡስ አፍንጫቸው ስር ቆሞ «ስንት ቁጥር ነው?» ይሉኝ ነበር። ዓይኔ ደከመ ብለው ግን አያውቁም። ስለዚህ ነገሩን ከሩቅ ጀምሬ፣ «ጋሼ፣ ስኮፕ ቢደረግበትስ?» አልኩ።

«በተውሶ ዓይን አላድንም!»

በማግስቱ ብቻዬን ተመልሼ ገዛሁት። ሻጩ «ለየትኛው የአደን ወቅት ነው?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። አላዋቂ መስዬ ልታይ? «ለሁሉም» አልኩት፣ ደረቴን ነፍቼ።

ውርደቴ የመጣው ፈቃድ ለማውጣት ግዴታ በሆነው የአዳኞች ትምህርት ክፍል ውስጥ ነው። መምህሩ ከአፉ በሚጎርስ ጠመንጃ ላይ የተገጠመ ስኮፕ ሥዕል አሳየ፤ በላዩ ላይ ትልቅ ቀይ ኤክስ ተሰምሮበታል። በዚያ ወቅት ክልክል ነው። «ምን አለ?» አሉኝ አጎቴ። ሥዕሉን በምን ቋንቋ ልዋሽ? ነገርኳቸው፤ ሸሽጌ መግዛቴንም ተናዘዝኩ። እስኪያስላቸው ሳቁ። «አየህ፣ የኮሎራዶ መንግሥት እንኳ ከእኔ ጋር ነው!»

የአደን ፈቃዱ የሚሰጠው በዕጣ ነው፤ ለሁለታችንም ወጣ። ጠመንጃው ግን አንድ ነበር። ተራራውን ሦስት ቀን ዞርነው፤ ያገኘነው ኮቴና በጠጥ ብቻ። በአራተኛው ቀን፣ የዕረፍታችን የመጨረሻ ጠዋት፣ ገና ጎህ ሲቀድ ከመኪናው ወረድን። የዛፎቹ ቅጠል ቢጫ ሆኖ፣ እርጥብ መሬቱ እንደ ተከፈተ ጎተራ ይሸታል። አጎቴ የሳሉትን ቢላ ከወገባቸው ሻጡና የባሩዱን መስፈሪያ ወደ ብርሃኑ አነሱት። ወደ ዓይናቸው አቀረቡት፤ አራቁት። ከዚያ «እንካ፣ ዛሬ አንተ አጉርሳት» አሉኝ።

እኔ ደግሞ እጄ ሲሠራ አፌ አያርፍም። መጋዘን ስንመለስ የአለቃውን ፊት እንዴት እንደማይ፣ ሁለቱን ትከሻ እንዴት እንደማስረዳ እየለፈለፍኩ፣ በዘንጉ ጠቀጠቅኩና «ዝግጁ ናት!» አልኩ።

አጋዘኑን መጀመሪያ የሰሙት እሳቸው ናቸው። ክንዴን ጨበጡ። ከቁጥቋጦው ወጣ፤ ወንድ ነው፣ አርባ እርምጃ አይሆንም፤ ትንፋሹ ሲተን ይታያል። አጎቴ ጠመንጃውን አነሱ። አፈ ሙዙ ቀስ ብሎ ዞረና አንድ የዛፍ ጉቶ ላይ ቆመ። ጥቂት ቆይተው ዝቅ አደረጉት። ሳያዩኝ ወደ እኔ ዘረጉልኝ።

«ዓይኔ እምቢ አለኝ። አንተ ተኩስ።»

አነጣጠርኩ። ምላጩን ሳብኩ።

ጧ! መዶሻው የመታው፣ ባሩዱን የሚያቀጣጥለው ትንሽ ቆብ ብቻ ጮኸ። አጋዘኑ ቀና ብሎ፣ ቤት ተሳስቶ በር ያንኳኳ እንግዳ እንደሚታይ አየንና፣ ሳይቸኩል ሄደ።

አጎቴ ዘግይታ ትተኩስ እንደሆነ ብለው ጥቂት ጠበቁ፤ ጠመንጃውን ተቀብለው ዘንጉን ወደ ውስጥ ሰደዱ። በትክክል ስትጎርስ ዘንጉ የት እንደሚቆም ራሳቸው በቢላ ምልክት ቆርጠውበት ነበር። ምልክቱን በጥፍራቸው ዳበሱ። ዘንጉ ሁለት ጣት ያህል ከልኩ አልፎ ገብቷል።

«አረሯን ብቻ ነው ያጎረስካት» አሉ። ባሩድ አልነበራትም።

ቢጮሁብኝ፣ በሰደፉ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር። ቀድመውኝ ወደ መኪናው ሄዱ። ሞተሩን ሳስነሳ «የሳትኩት እኔ ነኝ። ሰማህ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ እንዴት ይሆናል…»

«እኔ በጥቅምት ጡረታ እወጣለሁ። አንተ ግን ከነዚያ ሰዎች ጋር ገና ብዙ ዓመት እንጀራ ትበላለህ። ዝም ብለህ ንዳ።»

ለመስቀል የበግ ጥብስ በትልቅ ድስት ይዘው መጋዘን ገቡ። ድስቱን አለቃው ፊት ዘጭ አደረጉት። «አጋዘኑን ሳትኩት፤ በግ ብላ በለው።» አለቃው ትከሻውን መታ መታ አደረገ፤ ጠረጴዛው በሳቅ ተናጋ። አጎቴ አልተቀመጡም። ሳቁ እስኪያልቅ ቆመው ጠበቁትና «ስቶ የማያውቅ፣ ተኩሶ የማያውቅ ነው በለው» አሉኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ቃል ሳልጨምር፣ አንድ ቃል ሳልቀንስ አስተረጎምኩ። አለቃው ለእሳቸው ሁለተኛ ሳህን አወጣ።

አጎቴ ባለፈው ዓመት አረፉ። በአርባቸው፣ በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ፣ ሐዘኑ ሲከብድ ከቀድሞ የመጋዘን ባልደረቦቻችን አንዱ ሰዉን ለማጽናናት ያንን ታሪክ አመጣ፤ እኚያ ጎሽ ገዳይ ሰው በአርባ እርምጃ የቆመ አጋዘን እንደሳቱ። አዳራሹ ሞቅ አለ። ሰውየው ወደ እኔ ዞረና «አብረሃቸው ነበርክ አይደል? እውነት ሳቱት?» አለኝ።

ባሩዱን የረሳሁት እኔ ነኝ። ይህን ለመናገር ከዚያ የተሻለ ቀን አልነበረም፤ እሳቸውም ከዚህ በኋላ ዝም በል አይሉኝም። እኔ ግን «በሰፊው!» አልኩና፣ ከአዳራሹ ሰው ሁሉ አስበልጬ፣ ጮክ ብዬ ሳቅሁ።