የእትዬ የሺ ቀንበጥ

ቁስቋም አጠገብ የቆሎ ተማሪ ሳለሁ፣ እትዬ የሺ የሚባሉ ሴት ከበራቸው ትይዩ ካለው መስኮት ላይ አንድ ተክል ሰቅለው ነበር። ወፋፍራም ቅጠሎቿ እንደ መቁጠሪያ ተደርድረው ቁልቁል ይወርዳሉ። ቁራሽ እስኪያመጡልኝ ደጅ ቆሜ እሷን አያለሁ። አንድ ቀን ቀንበጥ ቆርጠው ሰጡኝ።

«ውሃ አታብዛባት። እንዳንተው ጥቂት ይበቃታል።»

በቲማቲም ጣሳ ተክዬ ጎጆዬ ውስጥ ሰቀልኳት። በዚያ ጎጆ ያልተራበች እሷ ብቻ ነበረች።

ዛሬ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ። ተክሏም የሳሎኔን መስኮት ሞልታለች። በቅርቡ የእትዬ የሺ ተክል መድረቋን፣ የእሳቸውም ዐይን መድከሙን ሰማሁ። ከእኔዋ ቀንሼ፣ ጣሳ ላይ ተክዬ ከሥራ መልስ ሄድኩ። ያስታውሱኝ ይሆን እያልኩ ደጃፋቸው ላይ ቆምኩ። ምን ብዬ እንደምጣራ ጨነቀኝ። ሳላስበው ከአፌ ወጣ፦

«በእንተ ስማ ለማርያም!»

በኮትና በከረቫት። አንዲት ጎረቤት «ጉድ እኮ ነው!» ብላ አማተበች።

«ቆይ፣ ተማሪው» አሉ እትዬ ከውስጥ። ቁራሽ እንጀራ ይዘው ወጡ። አፍሬ ተክሏን ዘረጋሁላቸው። ጣታቸው ቅጠሎቹን እየዳሰሰ ወረደና ቆመ።

«ምነው፣ ያ ቀንበጥ የሰጠሁህ ነህ እንዴ?»

«ነኝ፣ እትዬ።»

«ሸጋ አድርገህ አሳድገሃታል። በል አኩፋዳህን ክፈት፣ እንጀራው ሳይደርቅ።»

የተማሪ ቁራሽ መያዣ ከተውኩ ስንት ዘመኔ። የቢሮ ቦርሳዬን ከፈትኩላቸው።