ጆሮ የሚያሳይ ፎቶ

ሰው ትንኝ ጆሮው ሥር ስትጮህ በመዳፉ ይደልቃታል። እኔ ግን ቀይ መብራት እጠብቃለሁ። ሰመራ ልጄ ቤት ከቀትር በኋላ ጋደም ስል ያቺ ቀጭን ድምፅ ስትመጣ ትንፋሼን ውጬ ዝም እላለሁ። አንድ ቀን ልጄ አይቶኝ «እማዬ፣ አመመሽ እንዴ?» ብሎ ደንግጧል። ምን ብዬ ላስረዳው? የድሮ የካሜራ ፍላሽ ሲሞላ እንደዚያ ነበር የሚጮኸው። እየቀጠነ፣ እየቀጠነ ይሄድና ድምፁ ሲጠፋ ከጀርባው ያለችው ቀይ መብራት ትበራለች። «አትንቀሳቀሺ» የሚባለው ያን ጊዜ ነው።

እንግዲህ ስሚኝ፣ ከመጀመሪያው ላውጋሽ። ያደግኩት አዋሽ ነው፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ አክስቴ ቤት። አክስቴ ከወሎ ወርዳ ለአሰብ መንገድ ሹፌሮችና ለባቡር ተሳፋሪ ምግብ እየሸጠች የምትኖር ባልቴት ነበረች። እናቴ ስትሞት ወስዳ ከልጇ ጋር ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ ስለዚህ አንቱ ብያት አላውቅም። ድሬዳዋ ልካ ስታስተምረኝ ያረፍኩበት ቤት አባወራ ፎቶ አንሺ ነበር። ሚስቱ ጨለማ ክፍል ውስጥ ፊልም ስታጥብ እያየሁ እኔም እጄን አፍታታሁ። እውነቱን ልንገርሽና ከድሬዳዋ ይዤ የተመለስኩት ቁም ነገር እሱን ብቻ ነው።

በዚያ በደርግ ዘመን እንዲህ እንዳሁኑ ብድግ ብሎ መሄድ የለም። ከከተማ ከተማ ለመሄድ የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ለይለፍ ወረቀቱ የቀበሌ መታወቂያ፤ ለመታወቂያው ደግሞ ሁለት ጆሮ የሚያሳይ ጉርድ ፎቶ። ከተማችን ውስጥ አንድ ፎቶ ቤት ነበር። አንሺው ጨዋ ሰው ነው፣ ግን ወንድ ነው። የኛ ሴቶች ደግሞ ባዕድ ወንድ ፊት ተቀምጠው ሻሻቸውን አይገልጡም። ያገባች አፋርም ብትሆን ጥቁር ሻሿን እዚያ አታወልቅም። ስንቷ ሴት በዚህ ምክንያት መንገዷ ቀርቶባት እንደነበር አላህ ይወቀው።

አክስቴ ላይም ደረሰ። ልጇ አሰብ አግብታ የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ነበር፤ «እማ፣ አንቺ ካልመጣሽ ብቻዬን ነኝ» ብላ በሹፌር ላከች። የአክስቴ መታወቂያ ቀኑ አልፎበታል። ቀበሌ ብትሄድ አዲስ ፎቶ አምጪ አሏት። ሞቼ ነው ለዚያ ሰውዬ ጆሮዬን የማሳየው ብላ ተመልሳ መጣች።

«የቀበሌው ጸሐፊስ ፎቶው ላይ አያይሽም?» አልኳት።

«ወረቀቱን ይይ፤ እኔን ግን አያይም» አለች።

ክርክሩ እዚያ ላይ አለቀ። አክስቴ ስትወስን እንዲህ ነች። እኔው ላነሳት፣ ከዚያም የእህል ማስቀመጫውን ክፍል ጠርገን ለሴቶች ብቻ የሚሆን ፎቶ ቤት ልንከፍትበት ተስማማን።

ካሜራ የምታመጣልን ከድሬዳዋ በባቡር የምትመላለስ የኮንትሮባንድ ነጋዴ ነበረች። ከባቡር ስትወርድ ድንቡሽቡሽ ያለች ሴት፣ አክስቴ ጓዳ ገብታ ስትወጣ ግን ክስት ያለች። ቀሚሷ ሥር ያላሰረችው የጅቡቲ ዕቃ አልነበረም። አልጋው ላይ ሁለት ነገር ዘረጋችልን። አንደኛው የጃፓን ካሜራ ነው፤ ቆዳ ማኅደሩ አዲስ ጫማ አዲስ ጫማ ይሸታል፤ ፊት ለማንሳት ተብሎ የተሠራ ረዘም ያለ ሌንስ አለው። ፍላሽ ግን የለውም። ሁለተኛው ያገለገለ የሩሲያ ካሜራ ነው፤ ጥቁር፣ ከባድ፣ ቢወድቅ የሚሰበረው ወለሉ ነው። ከሱ ጋር ግን አንገቱ ወዲህ ወዲያ የሚዞር ፍላሽ አለ። ያለችን ገንዘብ ከሁለቱ አንዱን ብቻ ነው የምትገዛ።

እኔ በጃፓኑ ፍቅር ያዘኝ። በሌንሱ አሻግሬ የአክስቴን ዓይን ሳየው ሽፋሽፍቷ አንድ በአንድ ይቆጠራል። አክስቴ ግን ዞራም አላየችውም። ነጋዴዋ ፍላሹን ከፍታ ያቺ ትንኝ ስትጮህ አክስቴ ጆሮዋን አስጠግታ ሰማች፤ ቦግ ሲል ደግሞ የጓዳው ማዕዘን ሁሉ ታየ። «ይሄኛው ይዘፍናል፣ ያበራልም። ያኛው ምን ይሠራል? ዝም ብሎ ያያል» አለች። እንዲህ ተብሎ ዕቃ ይገዛል? ተናደድኩ። ግን የእህል ክፍሉ መስኮት የለውም፤ ቢኖረውም ሴቶቹ ወደ መንገድ ከፍተው አይቀመጡም፤ የከተማው መብራትም የሚመጣው ሲመሽ ነው። በምን ብርሃን ላነሳ ነው? እያኮረፍኩ ፍላሹን መረጥን። ነጋዴዋ ስትወጣ ጃፓኑን መልሳ ሆዷ ላይ ስታስር አይቼ እንባዬ መጣ።

አክስቴ ፎቶ የምትነሳበት ቀን ለክብሩ ብላ ፊቷን በቫዝሊን ወለወለችው። ሻሿን ወደ ኋላ አደረገች፤ ጆሮዋን እኔም ያን ቀን ነው በደንብ ያየሁት። ፍላሹን ቀጥ አድርጌ ፊቷ ላይ አበራሁት። እሷ ደግሞ ድንገተኛ ነገር ሁሉ በቢስሚላህ ነው የምትቀበለው፤ መብረቅ ቢሆን፣ ሳህን ቢሰበር፣ ባቡር ቢጮህ። ቦግ ሲል «ቢስሚላህ»፣ እንደገና ቦግ ሲል «ቢስሚላህ»። አትናገሪ ብዬ ብለምናት ሳታስበው ነው የሚወጣት።

ፊልም የሚታጠበው በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ የአዋሽ ውሃ ደግሞ ሻይ ቅጠል ቢጨመርበት ይጠጣል። ሹፌሮች መኪናቸው ፊት ከሚያንጠለጥሉት የሸራ ከረጢት ነፋስ ያቀዘቀዘውን ውሃ ለምኜ አጠብኩ። ማተሚያውን ያ ጨዋ ፎቶ አንሺ አዋሰኝ። ምን ዋጋ አለው! አክስቴ በሁሉም ላይ ዓይኗን ጨፍና አፏን ከፍታለች። አንዷ ላይ ብቻ ዓይኗ ተገልጧል፣ እሷም ላይ ቫዝሊኑ አብለጭልጮ ፊቷ ዱቄት መስሏል፤ አፍንጫዋ የለም። ጸሐፊው ፎቶውን አገላብጦ አየና፣ በትሕትና፣ «እህቴ፣ ይሄ የማንም ሰው ሊሆን ይችላል» ብሎ መለሰልኝ።

እኛን የሚያውቅ፣ አክስቴ የምታምነው አንድ ሹፌር ነበር፤ ጋቢና ውስጥ ቦታ ይዞላት ከነገ ወዲያ ወደ አሰብ ሊነሳ ነው። እሱ ከሄደ በዚያ በረሃ ከማን ጋር ትሄዳለች? የተመለሰውን ፎቶ ሳሳያት አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ልጄ ብቻዋን ልትወልድ ነው» አለችና ምድጃዋ ሥር ተቀመጠች።

በማግስቱ ጠዋት ግቢ ውስጥ ምስር ስትለቅም አየኋት። ፊት ለፊቷ የጣቢያው ግንብ አለ፤ ያን ሰሞን በኖራ ተቀብቶ ነጭ ሆኗል። ፀሐይዋ ግንቡን መትታ ወደ አክስቴ ፊት ትመለሳለች። እሷ ጥላ ውስጥ ነች፣ ፊቷ ግን በርቷል። የግንባሯ መስመር፣ አገጯ ላይ ያለው ንቅሳት፣ ሁሉም ቀስ ብሎ ይታያል። ምን ያህል ቆንጆ እንደነበረች ያን ጠዋት ነው ያወቅኩት፤ ስንት ዓመት አብሬያት ስበላ አላየኋትም ነበር። ምስሩን ከእጇ ነጥቄ «ተነሺ» አልኳት።

ነጭ ጨርቅ ፍለጋ ቤቱን ሳምስ ያገኘሁት ለሚወለደው ልጅ መጠቅለያ የተገዛውን አቡጀዴ ብቻ ነው። እንደዚያ ግንብ ፊት ለፊቷ እንዲሆን እህል ክፍሉ ግድግዳ ላይ በምስማር ወጠርኩት። የልጅ ጨርቅ ነው፣ ይቆሽሽብኛል እያለች አጉረመረመች። ፊቷን በሳሙና አስታጠብኳት። ባትሪ ድንጋዮቹ ደክመው ስለነበር ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው፤ የአዋሽ ፀሐይ እንኳን ባትሪ ሙትም ታስነሳለች። ከዚያ የፍላሹን አንገት ከአክስቴ አዙሬ ወደ አቡጀዴው አነጣጠርኩት፤ የካሜራውን ዓይን በሰፊው ከፈትኩ፤ ጠጋ አልኩ። ያኔ ነው ያ አንገቱ የሚዞር ፍላሽ ጃፓኑን ያስረሳኝ።

እሷ ግን እንደ ድንጋይ ደርቃ ተቀምጣለች። ሌላ ቢስሚላህ እንደሚመጣ ከከንፈሯ ያስታውቃል። ትንኟ ጮኸች፣ ቀጠነች፣ ቀይዋ በራች።

«ስንት ዘመን ከሰው የደበቅሽው ጆሮ ይሄ ነው?» አልኳት። «እኔ ደግሞ ምን ያለ ጆሮ መስሎኝ።»

ሳቋ መጣ፤ ልትውጠው ከንፈሯን ነከሰች፤ ዓይኗ ግን አምልጧት ነበር። ያን ጊዜ ተጫንኩት። ብርሃኑ ከጨርቁ ዞሮ ስለመጣ አልደነገጠችም፣ «አነሳሽኝ እንዴ?» አለችኝ።

ጸሐፊው ፎቶውን አይቶ ለመታወቂያ መሳቅ ደንብ አይደለም ሊል ጀመረና፣ ደግሞ አየውና፣ እሱም ፈገግ አለ። ለጥፎ ማኅተሙን መታበት፤ የይለፍ ወረቀቷንም ጻፈላት። በማግስቱ አክስቴ አቡጀዴዋን አጥባ፣ አጥፋ፣ ጋቢናው ውስጥ ገባች። «አብሽሪ የኔ ሸጋ፣ አራሷ ስትነሳ እመጣለሁ» አለችኝ። ደርሳ አዋለደች። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ስሜን አወጡላት።

እኔ ፎቶ ቤቴን ከፈትኩ። ከመኤሶ ሳይቀር ሴቶች መጡ። በሩን ዘግተን፣ ሻሽ ተገልጦ፣ ስንቱን ስቀናል፤ ደስ የሚል ዘመን ነበር ብል አላህም አይቆጣኝ። አክስቴ ግን አልተመለሰችም፤ ልጇ ደጋግማ ወለደች፣ እሷም እዚያ ምግብ ቤት ከፈተች፣ በየሹፌሩ «ከርሞ እመጣለሁ» እያለች ላከች። ከርሞው ሳይደርስ መንግሥት ወደቀ፤ አሰብ ሌላ አገር ሆነች፤ ከዚያ ጦርነት መጣ፣ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቆረጠ። ሰመራ ዱሮ መኪና የሚቆምበት ሜዳ ነበረች፤ ዛሬ ከተማ ሆና እኔም ልጄን ተከትዬ መጥቼ እዚያ አረጀሁ። ያ የአሰብ አስፋልት በደጃፌ ያልፋል፤ ስንት ጊዜ ቆሜ አይቼዋለሁ።

ስልኩ የተከፈተ ሰሞን አንዲት ሴት ደወለችልኝ። ቁጥሬን ድሬዳዋ ካሉ ዘመዶች አግኝታ ነው። ስሟን ስትነግረኝ የራሴን ስም ሰማሁ። አክስቴ ከሞተች ዓመታት አልፈዋል አለችኝ። ኢና ሊላሂ አልኩ፤ ሳላለቅስላት፣ ሳልቀመጥላት መክረሜ አንገበገበኝ። ልጅቱ አጽናናችኝ። ከዚያ ሌላ ፎቶ ስላልነበራት ያቺን የመታወቂያዋን አሳድገው ሳሎን እንደሰቀሏት ነገረችኝ።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አለች። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሳያት፣ ማንን አይታ ነው እንደዚያ ዓይኗ የሳቀው እላለሁ።»

«እኔን ነው» አልኳት።  ከዚያም ያን የጆሮ ጨዋታ ነገርኳት።