ቀዩ ቆርኪ

በሁለት ሺህ አስራ ስድስት ዓመተ ምሕረት ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። በዚያ ዓመት ጓደኛዬ እሺ ማለት ጀመረ።

እሺ ማለት ምን ክፋት አለው የሚል ይኖራል። ሰውየውን ስለማያውቀው ነው። መጋላ ሰፈር ሱቅ የነበረው ሶማሌ ነው፤ ስኳርና ፓስታ ይሸጥ ነበር። እኔ ጎሚስታ ነኝ፤ ከደረቁ ወንዝ አሸዋ ወዲህ፣ ኒም ዛፍ ሥር ጎማ እለጥፋለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ፣ ፀሐይ በረድ ሲል ሱቁን ለሚስቱ ትቶ፣ አሸዋውን ተሻግሮ ይመጣና አሮጌ ጎማ ላይ ይቀመጣል። ከዚያ እንጨቃጨቃለን። በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን «ልክ ነህ» ብሎኝ አያውቅም። እኔም ብዬው አላውቅም።

የምንጨቃጨቀው በኳስ ነው። የፈረንጁን ወጣቶቹ ያውቁታል። እኛ የያዝነው የኮሌጆችን ዋንጫ ነው። የከተማችን ኮሌጆች በየዓመቱ ይጋጠማሉ፤ ሜዳው ቅርብ ነው፣ መግቢያ የለውም፣ የሚጫወቱትም የምናውቃቸው ሰዎች ልጆች ናቸው። እሱ የቴክኒኩ ኮሌጅ ደጋፊ ነው፤ ልጁ ኤሌክትሪክ የተማረችው እዚያ ነው። እኔ የጤናው ነኝ። አንድ ጊዜ ከጤናው ኮሌጅ የመጣ ተለማማጅ አንገቴ ላይ የወጣ እባጭ አፍርጦ ገላግሎኛል። ጓደኛዬ ይህን አልተወልኝም።

«ዋርያ፣ አንተ ሰውዬ!» ይለኛል ሰው በተሰበሰበበት። «ሰው በሰፈሩ ይደግፋል፣ በልጁ ይደግፋል። በእባጭ የሚደግፍ አንተን ብቻ አየሁ!»

እኔ መሠረተ ትምህርት ካስተማረኝ ያለፈ አላነብም፤ እሱም የአማርኛ ፊደል ብዙ አይገፋም። ስለዚህ ደረጃውን በቆርኪ ነው የምንይዘው። ቀዩ ቆርኪ ቴክኒክ ነው፣ ነጩ ጤና፣ ቢጫው ንግድ፣ ሌሎቹም እንዲሁ በየቀለማቸው። የተገለበጠ በርሜል ላይ ከላይ እስከ ታች እንደረድራቸዋለን። ሕግ አለው። ጨዋታ ሲያልቅ ቆርኪ ከቦታው የሚነሳው ያለነው ሁሉ «ይነሳ» ስንል ነው። ሳይባል የሌላውን ቆርኪ የነካ ለሁሉም ሻይ ይጋብዛል።

ቴክኒኮች እውነቱን ለመናገር ደህና ቡድን ሆነው አያውቁም። እሱ ግን በየዓመቱ ለፋይናል መንገድ ያወጣላቸዋል። «ንግዶች አቻ ከወጡ፣ እናንተ ከተሸነፋችሁ፣ እኛ በሦስት ንጹህ ጎል ካሸነፍን ገባን።»

«ግመል ክንፍ ካወጣ» እለዋለሁ።

«ወላሂ ያወጣል! የጀልዴሳን ግመል መቼ አየህና!»

በዚያ ዓመት ረመዳን እንደወጣ ስትሮክ መታው። ሆስፒታል ሰነበተ። ስጠይቀው አፉ ተጣሞ አየሁና ወጥቼ አለቀስኩ። ግን ፈጣሪ ይመስገን፣ አፉም ተመለሰ፣ እግሩም ተመለሰ። ሐኪሙ ድኗል አለ። አንድ ቀን ማታ ማታ ሲል ምርኩዝ ይዞ፣ ልጁ ክንዱን ደግፋው፣ አሸዋውን ተሻግሮ መጣ። ጎማውን በጨርቅ ጠርጌ አስቀመጥኩት። ከዚያ ሳልውል ሳላድር ቆርኪዎቹን ደረደርኩ። ጤና ሁለተኛ፣ ቴክኒክ ሦስተኛ። ፋይናል የሚገቡት ሁለት ናቸው። የቀረው የመጨረሻ ጨዋታ ደግሞ የእኛና የእነሱ ነበር።

«ዘንድሮም አለቀላችሁ» አልኩት። «በሁለት ጎል ካላሸነፋችሁን አትገቡም። እናንተ በአንድ ጨዋታ ሁለት ጎል ያገባችሁት መቼ ነው? ንገረኝ!»

ስድቡን ተዘጋጅቼ ጠበቅኩ። ቆርኪዎቹን አየት አደረገ።

«እሺ» አለ።

ጎኔ ያለው ፀጉር አስተካካይ መቀሱን እንደያዘ ብቅ አለ። እሱም የቴክኒክ ደጋፊ ነው፤ ጓደኛዬን በሶማሊኛው «አዴር»፣ አጎቴ፣ ይለዋል። «አዴር፣ ዝም አልከው እንዴ? አቦ እባጩን አንሳበት!»

ጓደኛዬ ፈገግ አለ። «እሱ ካለ ልክ ይሆናል» አለ።

ከቆርኪዎቹ ቀና ብዬ ፊቱን አየሁ። ልጁ ግን ደስ ብሏታል። «ታየዋለህ፣ አዴር?» አለችኝ። «ቤትም እንዲህ ነው። ድሮ በጨው የሚጣላ ሰው፣ አሁን ያቀረብንለትን ይበላል። እናቴ በሽታው ጸባይ ሰጠው ትላለች።»

ምን ልበላት? አባቷን ከሞት አፍ ለተቀበለች ልጅ፣ ይሄ አባትሽ አይደለም ይባላል? ሰፈሩ ሁሉ ዳነ ብሎ ሲያመሰግን እኔ ብቻ ሰው እንደሞተበት ሆንኩ። ለማን ይነገራል? የሞተ የለም።

ግትር ነኝና አልተውኩትም። በመጣ ቁጥር ቡድኑን ሰደብኩ። በረኛቸው ዶሮ መያዝ አይችልም አልኩ። እሺ አለ። ይነሳ ሳይባል ቀዩን ቆርኪ አንስቼ በርሜሉ ሥር ወረወርኩት፤ ሻይ አልጠየቀኝም። ይኼ አልሆን ሲል ዞሬ ለእሱ መከራከር ጀመርኩ። «ሁለት ጎል ምን አላት? የእኛ ተከላካዮች ከእረፍት በኋላ ይደክማሉ። አንድ ከእረፍት በፊት፣ አንድ ከእረፍት በኋላ፤ ገባችሁ!» ስል ፀጉር አስተካካዩ ሳቁን መያዝ አቃተው።

«አባባ፣ ዛሬ ቴክኒክ ሆንክ?»

«አንተ ፀጉርህን ቁረጥ!»

ጓደኛዬ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እሺ» አለ። በዚያኛውም እሺ፣ በዚህኛውም እሺ። ገመድ ስትጎትት ወዲያ ማዶ የያዘው ሲለቅቅህ ትወድቃለህ። እንደዚያ ነው የሆንኩት።

ሲሄድ ፀጉር አስተካካዩ ቀስ ብሎ፣ «አባባ፣ ተወው። ሰው ሲያረጅ ይበርዳል» አለኝ።

«እኔስ ለምን አልበረድኩም?»

«አንተማ ቀባሪዎችህንም ትከራከራለህ።»

የጨዋታው ቀን እኔ፣ ጓደኛዬና ፀጉር አስተካካዩ በባጃጅ ሄድን። ጓደኛዬን ጥላ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጥነው። ገና ጨዋታው ሳይሞቅ ቴክኒኮች አንድ አገቡ። ሜዳው ተናጋ። እሱ ሁለት እጁን ምርኩዙ ላይ ጭኖ አቧራውን ያያል።

ያን ጊዜ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ሁለተኛው ከገባ ግመሉ ክንፍ አወጣ ማለት ነው። አርባ ዓመት ይህን ቃል ፊቴ ላይ ሊወረውር ሲጠብቅ የኖረ ሰው ነው። ይህችን አያልፋትም። ይህችን ካለፋት ግን... ከዚያ ወዲያ ማሰብ አልፈለግኩም። እና እኔ፣ ዕድሜዬን ሙሉ ጤና ጤና ስል የኖርኩ ሰው፣ ጎሉ እንዲገባብን ለመንኩ። ኳስ ወደ በረኛችን በሄደች ቁጥር በሆዴ «ልቀቃት፣ ልጄ፣ ልቀቃት» እላለሁ። አይለቅም። እንደዚያ ቀን በረኛ ሆኖ አያውቅም። ከእረፍት በኋላ ያለው ጊዜ እንዲሁ ሲያልቅ፣ አጠገቤ ያለ ተማሪ ስልኩን አይቶ ሊያበቃ ነው አለ።

ከዚያ የማዕዘን ምት ሆነ። ኳሷ የራሳችን ተከላካይ ጉልበት ነክታ ገባች።

ፀጉር አስተካካዩ ጮኾ ጓደኛዬን አቀፈው፣ ግንባሩን ሳመው። ተማሪዎች ሜዳውን ሞሉት። እኔ እያነከስኩ ሄጄ ፊቱ ቆምኩና ትከሻውን ያዝኩት።

«ግመሉ ክንፍ አወጣ! በሁለት ጎል! ፋይናል ገባችሁ! በል ንገረኝ፣ ስደበኝ እንጂ!»

የታመመ ሰው እንደሚታይ ነው ያየኝ።

«ደስ አለህ?» አለኝ።

«እኔማ ተሸነፍኩ።»

«እሺ» አለ። ቀጥሎም፣ «አይዞህ» አለኝ፣ ክንዴን መታ መታ አድርጎ። ከዚያ ሙቀቱ በረታብኝ፣ ወደ ቤት እንሂድ አለ።

በማግስቱ ጠዋት ጎማ ቤቱን አልከፈትኩም። ቆርኪዎቹን በሻይ ቅጠል ቆርቆሮ ከትቼ አሸዋውን ተሻገርኩ። ሽርጡን አገልድሞ በሩ ላይ ተቀምጧል። ደህና አደርክ ተባባልን። ምን አመጣህ አላለኝም። ደፉ ላይ ቆርኪዎቹን ደረደርኩ፤ ጤናን አንደኛ አደረግኩ፣ ቀዩን ደግሞ ከሁሉ በታች። «ዳኛ ነው ያስገባችሁ፣ እኛ አንቀበልም» አልኩት። እሺ አለ። ነፋስ መጣና ቀዩን ቆርኪ አንከባሎ እግሩ ሥር ጣለው። ጎንበስ ሲል፣ አሁን ከላይ ያስቀምጠዋል ብዬ ጠበቅኩ። አነሳው፣ በሽርጡ ጫፍ አቧራውን ጠረገና፣ «ወደቀብህ» ብሎ በእጄ ሰጠኝ።

ተቀብዬ ከሁሉ በታች መልሼ አስቀመጥኩት።