ፍሬን የሚመርጡት ሴትዮ

የከተማ ሞተር ሳይክሉን ለውድድር የሚያዘጋጅ ሁሉ ያገለገለ መለዋወጫ ወደምሸጥበት ሱቄ ሲመጣ፣ የሚጠይቀኝ የሚያስከንፍ ዕቃ ነው። እኚህ ሴትዮ ግን ከፍሬን ሌላ ነገር ነክተው አያውቁም። የፍሬኑን ሸራ አንድ በአንድ አንስተው በአውራ ጣታቸው ይዳብሱታል፣ ያሸቱታል። የተቃጠለ ነገር ከሸተታቸው "ይሄ ሲግል ይከዳል" ብለው ይመልሱልኛል። እጃቸው ላይ መስታወቱ የተሰነጠቀ የወንድ ሰዓት ላልቶ ይወዛወዛል። ልጃቸው ውጭ ሆኖ ሞተሩን እያስጓራ ይጠብቃቸዋል።

ዛሬ "እትዬ፣ አንዳንዴ እንኳ የሚያስከንፍ ነገር ይግዙለት እንጂ!" ብዬ ቀለድኩ።

ፈገግ አሉ። የወረደውን ሰዓት ወደ ክንዳቸው ገፋ አደረጉና፣

"መክነፉንማ ከአባቱ ወርሶታል" አሉኝ። "እኔ የምገዛለት አባቱን የጎደለውን ነው።"