ከለተብርሃን እጅ የወጣ ልብስ

ጥር 14፣ ሐሙስ። ልብስ ሰፊዋ ለተብርሃን ዛሬ ጠዋት ሞተች።

አላመንኩም። ትናንት አመሻሽ ላይ ደውላ "ወሎየው፣ ያ ግራጫ ገበርዲን ገባ?" ብላኛለች። ገበርዲን ያዘዘ ሰው በማግስቱ አይሞትም ብዬ፣ ለነገረኝ ሰው ስልኩን ዘጋሁበት። ቀጥሎ ልጇ ሰላም ራሷ ደወለች። ልቧ ነው አሉ።

ለማታውቋት፦ እኔ መቐለ ውስጥ ጨርቅ እሸጣለሁ። እሷ ሰሜን ክፍለ ከተማ፣ ወደ ውቅሮ መውጫው መንገድ ዳር ትሰፋለች። ግማሹ ሰፈር የተዳረው እሷ በሰፋችው ልብስ ነው። ወንዶች ሲለኩ ሆዳቸውን ወደ ውስጥ ከሳቡ ሜትሩን ትለቅና "ልቀቀው ሓወይ፤ ጨርቅ አይታለልም" ትላለች።

አሁን የምጽፍላችሁ ሱቋ ውስጥ ሆኜ ነው። ለምን እዚህ እንደመጣሁ ልንገራችሁ።

አንድ ጊዜ ከጎረቤት ቀብር አብረን ስንመለስ ተናዳ ነበር።

"አየሃቸው? ሁሉም ጥቁር! ቁራ ይመስላሉ። እኔ ስሞት ከእጄ የወጣ ልብስ ያልለበሰ ሰው እንዳይሸከመኝ!"

ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። ቀልድ አልነበረም። ለሰላም አደራ ብላታለች፤ ለእድሩ ሰብሳቢ ነግራለች፤ ሱሪ ሊያስጠብብ ለመጣው ሁሉ ነግራለች።

ዛሬ ሰፈሩን ብታዩት! ሻንጣ ያልተገለበጠበት ቤት የለም። ከሠርግ ወዲህ ፀሐይ ያላየ ኮት ሁሉ ወጥቷል። በጦርነቱ ጊዜ ጨርቅ ሲጠፋ ለአንዱ ጎረቤቴ ከመጋረጃ ሱሪ ሰፍታለት ነበር፤ አበባ አበባ ነው። ይኸው እሱን ለብሶ ድንኳኑ በር ላይ ለቀስተኛ ይቀበላል። ሰው እያለቀሰ ይመጣል፣ ሱሪውን ያያል፣ አፉን በነጠላው ይይዛል።

የኢንዱስትሪ ፓርክ ሠራተኛ ሴቶችም ተሰባስበው መጡ። "ያሳጠረችልን ቀሚስስ ይቆጠራል?" ብለው ጠየቁ። ሰላም እንባዋን ጠርጋ "መቀሷ ከነካው ይቆጠራል" አለች። አንዷ እልል ልትል ነበር፤ ጓደኛዋ አፏን ያዘቻት።

እኔም ለዒድ የሰፋችልኝን ኮት ለብሻለሁ። አይቆለፍም።

ችግሩ የመጣው ከውቅሮ ነው። ታላቅ ወንድሟ አያ ገብሩ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው ደረሱ። ዕድሜ ልኳን "ልስፋልህ" ስትላቸው "እህቴ ፊት ቆሜ ሆዴን አላስለካም" እያሉ የተዘጋጀ ልብስ ሲገዙ የኖሩ ሰው ናቸው። የእሷ እጅ ያረፈበት አንድ ቁልፍ እንኳ የላቸውም። አደራዋን ሲሰሙ ጮኹ።

"እህቴን እንዳልሸከም የሚከለክለኝ ማነው?"

"እሷ ናታ፣ አኮይ ገብሩ" አለች ሰላም አጎቷን። "እኔ ምን ላድርግ?"

"ነውር ነው! አቦይ ቀሺ፣ እርስዎ ይንገሯት እንጂ!"

ቄሱ የካባቸውን ጫፍ አነሳ አድርገው አዩት። "ይህንንም የሰፋችው እሷ ናት። ላውልቀው?"

ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ለቅሶ ቤት እንዲህ ሲሳቅ በዕድሜዬ አላየሁም። አያ ገብሩ ግን አልሳቁም። ወጡና ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ። ሌላ እህት የላቸውም። አጠገባቸው ሄጄ ቆምኩ።

ሰላም ተከትላኝ መጥታ የሱቁን ቁልፍ በእጄ አደረገች። "የሚሆናቸው ነገር ፈልግልኝ በጃኻ። እምቢ ካሉም እምቢ ይበሉ። እናቴን ሳይሸከሙ ቀርተው እንዴት ወደ ውቅሮ ይመለሳሉ?"

ፈለግሁ። የተማሪ ዩኒፎርም፣ የሚዜ ቀሚስ፣ ያላለቀ ካባ። ከሁሉም ኋላ አንድ ኮት።

ይህን እየጻፍኩ ስልኬ ጠራ። አያ ገብሩ ናቸው።

"ወሎየው፣ አገኘህ ወይ?"

"አንድ ኮት አለ። ባለቤቱ ሊሞክረው ሳይመለስ የቀረ። ግን አያ ገብሩ፣ አረንጓዴ ነው። ያውም ደማቅ። እጅጌውም ያጥርዎታል።"

ከስልኩ ወዲያ የሰው ጫጫታ ይሰማኛል።

"ቀይም ቢሆን አምጣው! ልናወጣት ነው፣ ፍጠን አንታ!"

ለተብርሃን፣ ኮቱ ክንዴ ላይ ነው። ልተኩሰው ብዬ ካውያሽን ሰክቼ ነበር፤ መብራት ሄደ። ለልክ የሰካካሽበትን ነጭ ክር ደግሞ መፍታት ጀምሬ እጅጌው ላይ ስደርስ ተውኩት። እንደተጨማደደ፣ ክሩ እንደተንጠለጠለ ይለብሱታል። ከፊት በቀኝ በኩል የሚሸከምሽ ባለ አረንጓዴ ኮት ወንድምሽ ነው። በሰላም ሂጂ። እኔም በሩን ቆልፌ እየሮጥኩ ነው።