የተቆረጠው የፈረስ ጭራ

ያን ጠዋት እንጅባራ ላይ ጉም ወርዶ ደጃፌ ላይ ያለውን ቀርከሃ እንኳ አያሳይም ነበር። ለፈረሴ ገብስ ይዤ ጋጣው ገባሁ። አንገቱን ዳብሼ ወደ ኋላው ዞርሁ። ጭራው ከመሀሉ በቢላ ተገዝግዞ ተወስዷል።

እኔ ፊደል የለየሁት ያለ አስተማሪ ነው። ልጆቼንም «መተት የሰነፍ ወሬ ነው» እያልሁ ነው ያሳደግኋቸው። የዚያን ዕለት ግን ያነበብሁት ሁሉ ከራሴ በነነ። በእኛ ሰፈር የሰው ፈረስ ጭራ የሚቆርጥ ለባለቤቱ ክፉ አስቦ ነው ይባላል። ኮርቻ ልጭንበት ፈራሁ፤ ውኃ ላጠጣውም ፈራሁ።

ከጎረቤቴ ጋር በድንበር ከተኳረፍን ሰንብተናል። አጥሩ ሥር ቆሜ ተጣራሁ።

«ፈረሴን ምን አደረግኸው? ጭራው የት ገባ?»

ጎረቤቴ ዕድሜውን ሙሉ ጢም ያላበቀለ ሰው ነው። ጉንጩን እየዳበሰ ሳቀብኝ።

«ምነው ሰውዬ፣ አገጬ ላይ ልተክለው መሰለህ?» ፊቴን ሲያይ ግን ሳቁን ተወ። «አንተ፣ ታመሃል እንዴ? ግባና አረፍ በል።»

አልገባሁም። ግባ ማለቱም አስፈራኝ።

ቤት ስመለስ ልጄ የደብተር ቦርሳዋን ታቅፋ በር ላይ ቆማ አገኘኋት።

«አባባ፣ እኔ ነኝ የቆረጥሁት። ለማሲንቆ ነው። የሙዚቃ ክበብ መምህራችን የፈረስ ጭራ የምታገኙ አምጡ ብለውን ነው።»

የፊተኛው ፍርሃት ሳይለቀኝ የባሰው ገባ። ማሲንቆ የያዘች ሴት ልጅ መጨረሻዋ የት እንደሆነ አውቃለሁ ባይ ነበርሁ። ጫግኒ መጠጥ ቤት ውስጥ፣ ሰካራም ግንባሯ ላይ ብር ሲለጥፍባት ታየኝ።

«ከዛሬ ጀምሮ ቀረ!» አልሁ።

አላለቀሰችም። «መጀመሪያ መምህሩን ይስሟቸው፤ ከዚያ ይከልክሉኝ» አለችኝ።

ተያይዘን ትምህርት ቤት ሄድን። መምህሩ ወጣት ነው። «ጋሼ፣ ይቀመጡ» አለኝ፤ አልተቀመጥሁም። ብዙ ሳይናገር ከስልኩ ላይ ፊልም ከፈተልኝ። በረዶ አገር ነው፤ ሰዎቹ ወፍራም ካባ ለብሰው ፈረስ ይጋልባሉ። አንድ ሽማግሌ አናቱ ላይ የፈረስ ራስ የተቀረጸበት ማሲንቆ መሳይ መሣሪያ ይዞ ይገዘግዛል።

«ክሩ የፈረስ ጭራ ነው፣ ጋሼ። የፈረንጆቹ ቫዮሊንም ደጋኑ በፈረስ ጭራ ነው የሚሠራው። የእኛን ከነዚያ ጋር እያስተያየሁ ነው የማስተምራቸው።»

«ሽማግሌው ይጠጣል?»

«እሱን እንኳ አልጠየቅኋቸውም» ብሎ ሳቀ።

እኔ አልሳቅሁም፤ እየሰማሁ ነበር። ዘፈኑ አማርኛም አገውኛም አይደለም። አካሄዱን ግን ለየሁት፤ የፈረስ ሶምሶማ ነው። ሰውየው ፈረሱን እንደሚወድ ማንም ሳይነግረኝ ገባኝ። ስለ ሩቅ አገር ብዙ አንብቤያለሁ፤ ሰው እንዲህ ቀርቦኝ ግን አያውቅም።

ፍርሃቴ ግን አልሄደም። «ነገ መጠጥ ቤት ብትገባስ?» አልሁት።

መምህሩ ስልኩን አጠፋ። «ለዚያ ዋስ ልሆንዎት አልችልም። እኔ የምችለው ማስተማር ብቻ ነው።»

ምንም አትሆንም ብሎኝ ቢሆን ኖሮ ልጄን ይዤ እወጣ ነበር። ስላልዋሸኝ እንድትማር ተውኋት። ወላጅ የሆነ ሁሉ እንዲህ ያለውን መልስ መቀበል መልመድ አለበት እላለሁ፤ እኔ ራሴ ገና አልለመድሁትም።

አሁን ጭራውን መርጬ የምሰጣት እኔ ነኝ፤ ቢላውን ከእጇ ወስጃለሁ። ከትምህርት ቤት መልስ ከቤቱ ጀርባ ተቀምጣ ትለማመዳለች፤ እኔ ጋጣው ውስጥ ፈረሱን እያጸዳሁ እሰማለሁ። ማሲንቆው እስከጮኸ ድረስ ደኅና ነኝ። ድምፁ ሲቋረጥ ግን የያዝሁትን ጥዬ እወጣለሁ፤ ከቦታዋ መኖሯን ለማየት።